እማዬ ከድልድዩ ወዲህ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21
የአስመራጮች ሥልጠና አለቀ። ወረቀት አዳይ እሆናለሁ ስል ጣት ቀቢ አደረጉኝ! ሕዝበ ውሳኔው ላይ የመረጠውን ሰው ጣት ሐምራዊ ቀለም መቀባት... በቃ ሥራዬ ይኸው። ጣቱ ላይ ቀለም የተገኘበት አይመርጥም፤ አንዴ መርጧል ማለት ነው።

እማዬ ሳቀችብኝ። «አንቺን አምነው ቀለም ሰጡሽ? እጅሽ ላይ ያልተደፋ ምን አለ?» ከዚያ በመስኮት ወደ ድልድዩ አየች። ሐሳቧን አውቀዋለሁ። መገንጠሉ ካሸነፈ ድልድዩ ይዘጋል፤ ወንድሜ ደግሞ ማዶ ነው። «እኔ አብሮ መኖሩን ነው የምመርጠው። ልጄን ሳላይማ አልሞትም» አለች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23
ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አመልካች ጣቱ ሐምራዊ ሆኗል። «ከየት አመጣኸው?» ብለው መልስ የለም። ያ ለፍላፊ! ጨርቅ ለቆበት ይሆናል...

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25
የቀለም ብልቃጦቹን ዛሬ ተረከብን። እሽጋቸው አልተነካም። ታዲያ እንዴት?

ዳቦ ሻጯም ጣቷ እንደዚያው። እሷም አትናገርም። ዳቦውን ሰጥታኝ ፈዛ ታየኛለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26
ጠዋት እማዬን ልቀሰቅስ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ጣቷ ሐምራዊ! ክው አልኩ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?» ዝም። በሳሙና አሸሁት፣ በጋዝ አሸሁት... ወይ ፍንክች!

የምርጫ ጣቢያው ሲከፈት ግን መጣች፤ እንደ ሰው ተሰልፋ። አስተባባሪው አጠገቤ ቆሟል። «ጣትዎን» አልኳት። ዘረጋችልኝ። «ቀለም አለበት፣ አይመርጡም።» እናቴን አንቱ አልኳት! ዞራ ሄደች።

ከእሷ በኋላ አሥራ አራት ሰው እንደዚሁ መለስኩ። አንድም የተከራከረኝ የለም። ሰው እንዴት አይከራከርም?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29
መገንጠሉ አሸነፈ። ድልድዩ ተዘጋ፤ የማዶው ስልክም ከእሑድ ጀምሮ እንደተቋረጠ ነው። ውጭ ጭፈራ ነው። እማዬ እስካሁን ቃል አልወጣትም። አኩርፋብኝ ነው እላለሁ... ደንብ ብዬ የገዛ እናቴን የመለስኩ! ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

እህል አትቀምስም። ግን አልከሳችም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8
ስልኩ ተመለሰ። ወንድሜ ደወለ። ምን ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኝ «እማዬ...» ስል አቋረጠኝ።

«እሷማ እዚህ ናት! እሑድ ንጋት ላይ ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ ከች አለች። ልብስ ሰፊያችሁ ቀድሟት መጥቶ ኖሮ እሱ ነው ቤቴን ያሳያት። ቆይ፣ ላገናኝሽ።»

ድምጿ ነው። ራሷ ናት።

«የኔ ልጅ... መርጬ ብሸነፍስ ብዬ ፈራሁ፤ በእግሬ መረጥኩ። ልቀሰቅስሽ አንጀቴ አልቻለም። እንዲህ ቶሎ ይዘጉታል ብዬ መች አሰብኩ! አሁን ማን አለሽ? ብቻሽን ነሽ?»

ዞር አልኩ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

«ብቻዬን ነኝ፣ እማዬ» አልኩ።

ያችኛዋ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። በእማዬ ድምፅ፣ ቀስ ብላ...

«እኔስ?» አለች።