የቅዳሜ እንግዶች

ማክሰኞ፣ ጥር 1 ቀን 1965

ዛሬ ሆቴሌን የጎበኙት ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮችና አንድ መንጋ ዝንብ ናቸው። ዝንቦቹ ቆዩ። ወንድሜ ከበደ ከደሴ «ዘግተሽ እኔ ጋ ነይ» ማለቱን አልተወም። ሄጄ የሚስቱን ፊት ሳይ ልኑር? ሞቼ ነው!

ከሰዓት የአክስቴ ልጅ አራጌ ጥቁር መነጽር አድርጎ ከአዲስ አበባ ከች አለ። ቱሪስት ማስጎብኘት ነው ሥራው። ፈረንሳይ ደርሶ መጥቷል። እዚያ ከባሕሩ ዳር ሰው ከሩቅ አገር ለመብላት ብቻ ይመጣል አለኝ። ምን ሊበላ? ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር ነገር። ኦይስተር ይሉታል። ነፍሱ ሳትወጣ ሎሚ ጨምቀውበት በወይን ጠጅ ያወራርዱታል። አማተብኩ።

«ለዚያ ይህን ያህል ከተጓዙ ለራያ ፍየልና ለጠጅሽ ምን ይሆናሉ?»

ወደ አስመራ የሚያልፈው የፈረንጆች አውቶቡስ... ከወደዱኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ሊቆም ነው። ሆቴሌ ሊተርፍልኝ ነው!

ቅዳሜ፣ ጥር 5

ማር ጠፋ። አበባ ከሌለ ንብ ምን ትቅሰም? የጎብዬው ነጋዴ ያለችውን ጥቂት ላከልኝ።

ፍየሏ ስትመጣ ወጥ ሠሪዬ መይሙና ዞር ዞር ብላ አየቻትና «እትዬ፣ ይቺ ተጠብሳ ነው እንዴ የመጣችው?» አለች። ከሷ የተሻለ ፍየል የለም። ደግሞ እስላሙ ጎረቤታችን ታሂር ካላረዳት አልነካም ብላለች። ታሂር ካረደ እሷ ትቀምሳለች፣ እኔ አልቀምስም። የራሴን ዝነኛ ጥብስ ሳልቀምስ ልሞት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 8

መንገድ ዳር የሚቀመጠው ሰው በዛ። ከደጋም ከቆላም። ዝናቡ አምናም ቀረ፣ ዘንድሮም ቀረ... አራጌ «ፈረንጆቹ ይህን እያዩ አይበሉም» ብሎ በመንገዱ በኩል የሸንበቆ አጥር አሳጠረ። መይሙናን «ለአቧራው ነው» አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥር 12

መጡ! ጠጁን በብርሌ ተቀብለው ወደ ፀሐይ እያነሱ አዩት። አንዲት ባለባርኔጣ አሮጊት ቃሪያ ነክሳ እንባዋ ወረደ፤ ሌላ ቃሪያ ጠየቀች። ወደድኳት። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ?

አራጌ ሞቅ ሲለው ተነሥቶ ያገራችንን ወግ አስተማራቸው። እኛ ብቻችንን አንበላም፣ ሰው ሲያልፍ «እንብላ» እንላለን አላቸው። ቃሉን ወደዱት። ብርሌያቸውን አንሥተው በአንድ ድምፅ «እንብላ!» አሉ። እየሳቁ ደገሙት።

ዕድሜዬን ሙሉ እንብላ ብያለሁ። ሰው «ብሉ፣ ይባርክ» ብሎ ያልፋል፣ ወጉ ይኸው ነው። ዛሬ ግን አንድ ሽማግሌ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ከኋላቸው ሴቶች፣ ልጆች... ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡና ለመታጠብ እጃቸውን ዘረጉ። መይሙና ማስታጠቢያውን ይዛ ሮጠች። ጥብሱን አዩት፣ ወደሷም ዘወር አሉ።

«የማን እርድ ነው ልጄ?»

እንዲያ ርቧቸው!

«የታሂር ነው አባባ፣ ብሉ።»

ያኔ ጎረሱ። ማተብ ያሰረች አንዲት ሴት ግን ይህን ስትሰማ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ለሷ ሽሮ አስመጣሁ።

አራጌ በጆሮዬ «አስረሳሽ፣ አስወጫቸው! አውቶቡሱ ይቀርብሻል!» አለኝ።

«እንብላ ተብሎ የገባን ሰው ማን ያስወጣል? አስተማሪው አንተ አይደለህ?»

ጮኼ ነበር መሰለኝ... ሁሉም ዞረው አዩኝ። ባለባርኔጣዋ ወንበሯን ለአንዲት እናት ለቀቀች። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ አውቶቡሱ ገቡ። ከመንገድ ግን ሌላ ሰው መጣ፣ ደግሞ ሌላ ሰው... ቤት ያለው እስኪያልቅ አበላን።

አፈርኩ። ያሳፈረኝ ጩኸቴ አይደለም፤ ያ አጥር ነው።

እሑድ፣ ጥር 13

አራጌ ሳይሰናበተኝ ሄደ። መነጽሩን ረስቷል። መይሙና አድርጋው ሽንኩርት ትከትፋለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ነጠላዬን አጣፍቼ ደጅ ቆምኩ። ምናልባት ብዬ... ሞኝ! አውቶቡሱ መጋረጃውን ዘግቶ እልም አለ። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። ከዚያ ገብቼ በትልቁ ድስት ንፍሮ ጣድኩ።

ሰው ለምግብ ብሎ ከሩቅ አይመጣም ያለ ማን ነው? ከዋጃ፣ ከሮቢት በእግሩ መጣ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 3

ከበደ ራሱ መኪና ይዞ መጣ። ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን፣ አልጋዎቹን ጫንን። ደሴ ሸጦ በዋጋው ማሽላ ይዞልኝ ይመለሳል። የጋቢናውን በር ከፈተልኝ።

«ግቢ እንጂ!»

«ማሽላውን ስታመጣ እንነጋገራለን።»

«ሆቴሉ እኮ አበቃለት፣ አስረሳሽ።»

«አውቃለሁ።»

እስኪሰለቸው ጥሩምባውን ነፋ። አልገባሁም። ሄደ።

መኪናው ከዓይኔ ሲጠፋ ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። እስኪመለስ ያለው እህል ይበቃ ይሆን? መይሙና ከውስጥ «እትዬ፣ ውሃው ፈላ!» አለች። ገባሁ።