ከራህማ ጋር ፎቅ የወጣሁ ሰሞን

ማክሰኞ

ለካ ረስቼዋለሁ። በወጣትነቴ ምሥራቅ ጀርመን የተማርኩትን ቋንቋ በየሠርጉ ስኩራራበት ኖሬ፣ ዛሬ የጎረቤታችን ልጅ ራህማ አንድ ወረቀት ብትዘረጋልኝ ላብ አጠመቀኝ። ባሏ ጀማል ያለው ጀርመን ነው። እሱ ጋ ልትሄድ የምትችለው አዲስ አበባ ሄዳ የጀርመንኛ ፈተና ካለፈች ብቻ ነው። ፈተናው የፊታችን ሰኞ። ጀማል የላከላት መለማመጃ የእንግሊዝኛ ግሶች ዝርዝር ነው፣ ሁሉም ወደ ላይ የሚሄዱ፦ ጌት አፕ፣ ራይዝ፣ ክላይምብ፣ ጎ አፕ፣ ጌት ኦን። ጀርመንኛውን የምሞላው እኔ። እኛ ለፀሐይም፣ ለዛፍም፣ ለደረጃም «ወጣ» ብለን እንገላገላለን። እነሱ ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል አላቸው። መዝገበ ቃላቴን ከሣጥን አወጣሁት። ግማሹን ምስጥ በልቶታል።

ረቡዕ

ራህማ ቃሎቹን ሸምድዳ ታደባልቃቸዋለች። ፀሐይን አውቶቡስ አሳፈረቻት። «ጋሼ፣ አልሆነልኝም፤ ልተወው?» አለች። እንግዲያው በእግራችን እንማረው አልኩ። ከወንበር ተነሳን፦ አውፍሽቴየን። ሚኒባስ ተሳፍረን ጎረቤት ከተማ ጎብዬ ደርሰን ተመለስን፦ አይንሽታይገን። ዛፍ ላይ የሚወጡበትን፣ ክሌተርንን፣ ለሁለታችንም ይቅርብን ተባባልን። ለደረጃ ግን ደረጃ ያስፈልጋል። ሰፈራችን ሜዳ ነው፤ ፎቅ ያለው ሆቴሉ ብቻ። አራት ጊዜ ወጣን፣ ወረድን። ሆህጌየን፣ ሆህጌየን። ያዘችው።

ዓርብ

ከተማችን ቆቦ በሙሉ «ራህማ ከመምህሩ ጋር ሆቴል ፎቅ ወጣች» ይላል። አራት ጊዜ መሆኑን ቆጥረዋል። ጎብዬ ሄደን ምንም ሳንገዛ መመለሳችንም ማስረጃ ሆኗል። ወሬው ሮቢት ከተማ የሚኖሩት አማቷ እትዬ ዘይነባ ጆሮ ደርሶ፣ እሳቸው ለጀማል ደወሉ፤ ጀማል «ፈተናው ይቅር» አለ። ፓስፖርቷን የያዙት አማቷ ናቸው። ያለ ፓስፖርት ደግሞ ፈተና ክፍል አያስገቡም። ራህማ ስታለቅስ ውላ ዓይኗ አብጧል።

መምህሩ እኔ፣ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ለባለቤቴ ለአስካለ እየፈራሁ ብነግራት፣ «አንተ? ሁለተኛው ፎቅ ሳትደርስ ትንፋሽህ የሚቆረጠው?» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ከሐሜቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሳቋ ነው።

ቅዳሜ

እትዬ ዘይነባ ሳይታሰብ ከች አሉ። «መምህር፣ መሐላ አልፈልግም። የወጣችሁበትን አሳየኝ።»

አስካለ ነጠላዋን አንስታ ተከተለችን። ራህማንም ጠርተን አራታችን ደረጃው ሥር ስንቆም የሆቴሉ ደንበኛ ሁሉ ሻዩን እንደያዘ ወጥቶ ያይ ጀመር። ራህማ ከፊት፣ አማቷ ጉልበታቸውን ይዘው መሐል፣ እኔ ከኋላ። በየደረጃው ቃሉን ትላለች፣ ድምፅዋ ይርገበገባል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እትዬ ዘይነባ ቁጭ አሉ። «ትምህርቱ ይኸ ነው? ይኸማ ቅጣት ነው።»

ላይኛው ሰገነት ሲደርሱ ስልካቸውን አወጡ። «ጀማል፣ ሆቴሉ ፎቅ ላይ ነኝ። እኔም ከመምህሩ ጋር ወጥቻለሁ። እንግዲህ ስለ ሚስትህ ያሉህን ካመንክ፣ ስለ እናትህም ሲነግሩህ እመን።»

ስልኩን ዘግተው ፓስፖርቱን ከጉያቸው መዘዙና ለራህማ ሰጧት። ለካ ይዘውት ነው የመጡት።

ሰኞ

ራህማ ትናንት አዲስ አበባ ገብታ ዛሬ ተፈተነች። ከሰዓት ደወለች።

«ጋሼ፣ ከዝርዝሩ አንድም አልመጣም።»

ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ሐሜት።

«ቤተሰብሽን አስተዋውቂ ሲሉኝ ግን፣ አማቴ በታመመ ጉልበታቸው ፎቅ ወጡ አልኩ። ፈታኟ ሳቀች።»

የሳቀችው በራህማ አማት ነው ወይስ በግሱ? የትኛውን ቃል እንደተናገረች ልጠይቃት ስል መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር አይሠራም። አስካለ «ዛፍ ላይ አውጥታቸው ይሆናል» ትላለች። ውጤቱ ገና ነው።

እትዬ ዘይነባ ከሮቢት ሁለት ጊዜ ደውለዋል። ስለ ውጤቱ አልጠየቁኝም። «እውነት ጀርመኖቹ ፊት እኔን አነሳችኝ?» ነው የሚሉት። አዎ፣ አነሳችዎት አልኳቸው።