ገጽ አርባ ሁለት

ልጄ፣ ፈጣሪ ጤናሽን አይንሳሽ፤ የደከምሽበትን ፍሬ ያሳይሽ። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬም ቀበቶው ተቀይሮለት እንደ ድሮው ይሠራል።

ያ ለዩኒቨርሲቲ ጽፈሽ የላክሽልን ጽሑፍ ግን አንጀቴን አሳረረው። «ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ውሃ ውስጥ ነክሮ ማድረቅ ነው፤ አለዚያ አንዴ ሲታጠብ የአባት ሱሪ ለልጅ ይሆናል» የሚለው የእኔ ቃል አይደለም እንዴ? አስተማሪሽ ምንጩን ጥቀሺ ሲልሽ ለማላውቀው ፕሮፌሰር ሰጠሽው፤ ያውም ከመጽሐፉ ገጽ አርባ ሁለት ብለሽ! አባትሽን ታውቂው የለ፣ ከሚሠራበት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ፈልጎ አወጣው። ገጽ አርባ ሁለት ላይ ያለው ስለ ሐር ትል ነው። አስተማሪሽም ቢገልጠውስ? ተባርረሽ ልትመጪልኝ ነው?

አሁኑኑ አስተካክዪው። «እናቴ፣ ልብስ ሰፊ፣ በቃል የነገረችኝ» ብለሽ ጻፊ። ምን ያሳፍራል?

ይኸው ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እውነቱን ካወራን፣ እኔም የሰማሁት ከአማቴ ከአያትሽ ነው። በሕይወት ሳለች አንድ ቀን አላመሰገንኳት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የራሴ አስመስዬ ስናገረው ኖርኩ።

በይ የኔ ልጅ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። እባክሽ፣ ስትጽፊ እሷን ከእኔ አስቀድሚልኝ።

እናትሽ