የሱቁ ገጽ ላይ ያልተለጠፉ

ጥቅምት 3
ጠዋት የሱቁ ፌስቡክ ላይ «አዲስ አባያ ገብቷል» ብዬ ለጠፍኩ። ተከታዮቻችን ግማሹ ዘመድ፣ ግማሹ ዋጋ ጠይቆ የሚጠፋ።
ቀጥሎ ሌላ ጻፍኩ። «አባ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሶኛል። መሄድ እፈልጋለሁ።» አልለጠፍኩትም፣ ድራፍት ላይ አስቀመጥኩት። ማን ያየዋል? በአፌማ ስንቴ ሞከርኩ... ገና «አባ» ስል «መጋዘኑን ቆለፍሽው?» ይላል።

ጥቅምት 5
ስድስት ሰዓት ላይ ሱቃችን ያለበት ታይዋን ገበያ ተዘጋ። እስከ አስር ሰዓት ከተማው ወይ ይተኛል ወይ ጫት ይቅማል። አባ በርጫ ሄደ። እኔ ድራፍት። «ያደግኩት በማንጠልጠያ መሃል ነው። ይበቃኛል።» «ቡናማውን አባያ የሚገዛ ሰው ምን አስቦ ነው?»

ጥቅምት 8
ድራፍት ውስጥ ያልጻፍኩት ነገር አገኘሁ። «ቡናማው ጥሩ ጨርቅ ነው።»
ወንድሜን ዛኪርን ያዝኩት።
«ወላሂ እኔ አይደለሁም። አባ ገጹን ልየው ሲለኝ ስልኩ ላይ አስገባሁለት።»
«መቼ?»
«ባለፈው ወር ነዋ።»
ገጹን የሚያስተዳድር ሁሉ ድራፍቱን ያያል አሉ። አሁን ነው የሚነገረኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ጥቅምት 9
አባ ፊቱ እንደ ወትሮው። «ያንን ከፍ አርገሽ ስቀይው» አለኝ፣ ሌላ የለም። በመርቃና ሰዓት ድራፍት ገባ። «ጅማ ሩቅ ነው። ዝናብም አለ።»
«ጃንጥላ እይዛለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ጥቅምት 10
«ሱቁስ?»
«ዛኪር አለ።»
«ዛኪር ደንበኛ ያባርራል።»
እውነቱን ነው። ይሄን ሁሉ የምንጻጻፈው አንድ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠን ነው። በአፍ ያወራነው፦ «በላሽ?» «በላሁ።»

ጥቅምት 13
ምዝገባ አርብ ያልቃል ብዬ ጻፍኩ። መልስ የለም።

ጥቅምት 14
ዛሬም የለም። አባ በርጫም ቀረ። ጓደኞቹ ቢደውሉ «ራሴን አሞኛል አቦ» አላቸው። ምነው ባልጻፍኩ... ካልፈቀደ አልሄድም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ፈራሁ።

ጥቅምት 15
አዲስ ድራፍት። «ሴት ሻጭ እንፈልጋለን። ታይዋን። ትዕግስት ያላት። እስካሁን የምትሸጠው ልጄ ነበረች፣ ለትምህርት ልትሄድ ነው።»
ደጋግሜ አነበብኩት። ቀና ብዬ አየሁት። አባያ ያጥፋል።
«አባ... ልለጥፈው?»
«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ገጹን የያዝሽው አንቺ።»
ለጠፍኩት። ወዲያው አክስቴ ቱሪያ ላይክ አደረገች። እሷ ለሁሉም ታደርጋለች። በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ።
ስመለስ አባ የለም። ትንሽ ቆይቶ ከጎረቤት ሱቅ ሻንጣ ተሸክሞ ገባ። ዚፑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።
«ጅማ ድረስ ይችላል» አለ።
ጅማ የሚለውን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።