የድንጋዩ ጀርባ፦ በእትዬ አገላብጡት ዕረፍት የተሰማን ኀዘን

የከበሩ ድንጋዮች ቀራጮችና ጌጥ ሠሪዎች ማኅበር፣ የሙያ ባልደረባችንና የብዙዎቻችን መምህር የነበሩት እትዬ አገላብጡት በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሠልጣኞቹና ለደንበኞቹ የሚያስታውቀው በተሰበረ ልብ ነው።

በመዝገብ የሰፈረው ስማቸው ሌላ ነው። ማንኛውንም ሥራ ስናሳያቸው ገና ፊቱን በቅጡ ሳያዩ «አገላብጡት» ስለሚሉን፣ ይህን ስም ከኋላቸው ያወጣንላቸው እኛው ነን። ነገሩ ተደብቆ ብዙ አልቆየም፤ ቢሮ ሲደውሉ ራሳቸው «አገላብጡት ነኝ» ማለት ጀመሩ።

በ1972 ዓ.ም. ማኅበሩን የተቀላቀሉት በድንጋይ አጣቢነት ነው። ከመስኮቱ ሥር ባለችው ሦስተኛ ወንበር ተቀምጠው፣ በሚሽከረከረው የመቅረጫ ማሽን ላይ ውሃ እያንጠባጠቡ፣ አጌትና አሜቲስት የሚባሉትን የከበሩ ድንጋዮች መቅረጽን ሰው ሲሠራ በማየት ብቻ ለመዱ።

በ1979 ዓ.ም. የቀረጻ ክፍሉን በኃላፊነት ተረከቡ። ሌላው ተሰንጥቋል ብሎ የጣለውን ድንጋይ አንሥተው፣ ስንጥቁን የቅጠል ጅማት ወይም የወፍ ክንፍ ጠርዝ አድርገው ያወጡት ነበር። እጀ ወርቅ ነበሩ።

ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ስልሳ አራት ቀራጮችን አሠልጥነዋል። ሁላችንም ያለፍንበት ትምህርት አንድ ነው፦ ሰው የማያየውን፣ ገላ የሚነካውን የድንጋዩን ጀርባ ከፊቱ እኩል መቅረጽና ማለስለስ። ጌጡን ያጠለቀ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከጀርባው ጋር ነው ይሉን ነበር። ጊዜ ይፈጃል ብለን ስናጉረመርምም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉናል።

ማኅበሩ በ1994 ዓ.ም. የፈጸመውን ስሕተት ሳያነሣ ይህን መግለጫ መዝጋት አይችልም። በዚያ ዓመት እትዬ አገላብጡት ለዋና ባለሙያነት ማዕረግ ፈተና ያቀረቡት፣ ከአረንጓዴ አጌት በቅጠል መልክ የቀረጹትን የአንገት ጌጥ ነበር። በሴት ልጃቸው አንገት ለክተው ለሠርጉ ያዘጋጁት ስለነበር በሳምንት ውስጥ ይመለስልኛል ብለው ነበር። የፈተና ኮሚቴው ግን ለዕይታ እንዲያመች ብሎ ጌጡን በሰም ከእንጨት ሰሌዳ ላይ ለጠፈው፤ ፊቱን ብቻ አይቶም «ሥራው ቀላል ነው» በማለት ማዕረጉን ከለከላቸው። ጌጡ እንዲገለበጥ በጽሑፍ ቢጠይቁም፣ ጀርባ በመመዘኛው ውስጥ የለም ተባሉ። የፈተና ሥራ የማኅበሩ ንብረት ይሆናል በሚለው ደንብ መሠረትም ሰሌዳው ከነጌጡ በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ልጃቸው በባዶ አንገት ተዳሩ። እናታቸውም በዚያ ሰሌዳ ሥር እየተመላለሱ ሃያ ሁለት ዓመት አስተማሩን፤ ነገሩን አንድም ቀን አላነሡብንም።

በዕረፍታቸው ማግስት ጌጡን ከፎቶግራፋቸው አጠገብ ልናኖረው ሰሌዳውን አውርደን ሰሙን ስናሞቅ፣ ድንጋዩ ለቆ እጃችን ላይ ወደቀ። አገላበጥነው። የቅጠሉ ጅማቶች በጀርባውም በኩል ከፊቱ ይልቅ ቀጥነው ተቀርጸዋል፤ መሐሉ ላይም ከጉሮሮ በታች ያለችውን ጎድጓዳ ሥፍራ ሞልቶ የሚቀመጥ ለስላሳ ጉብታ ወጥቷል። ከመካከላችን እንዲህ አድርጎ መቅረጽ የሚችል የለም። ቀላል ነው ብሎ የፈረመ አንድ የፈተና ኮሚቴው አባል ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ድንጋዩን ተቀብለው ራሳቸው አገላበጡት።

ስለዚህም ሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ሐሙስ ዕለት በአስቸኳይ ተሰብስቦ፣ የዋና ባለሙያነት ማዕረጋቸው ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና እንዲሆን፣ ከእንግዲህ ማንኛውም የፈተና ሥራ በሁለቱም ወገን እንዲታይና ጌጡ ለልጃቸው እንዲመለስ ወስኗል። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ልናደርገው ይገባ ነበር፤ ይህ ይቆጨናል። ሰሌዳው የሰሙ ምልክት እንዳለበት ባዶውን ከአዳራሹ አይወርድም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውና ከመስኮቱ ሥር አጠገባቸው ተቀምጠው ለሠሩ ባልደረቦቻችን ሁሉ ብርታቱን ይስጣችሁ እንላለን። ኀዘኑ የጋራችን ነው።

ዓርብ ዕለት ቤታቸው ሄደን ጌጡን ስናስረክብ፣ ልጃቸው ወዲያው አጠለቁት። ጉብታው ከጉሮሯቸው ሥር እንዲገባ በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ከዚያም «አሁንም ልኬ ነው» አሉን።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ