ድመቷ ከቤት ስለ ተባረረችበት ምክንያት

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ክፉ አይንካሽ። በታላቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ድመታችን ከቤት መባረሯን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ድመት አቅፎ የተኛው አባትሽ አሁን ባያት ቁጥር ያስነጥሰዋል፤ ልክ እንዳንቺ። ሐኪሙን ግን አልገረመውም፦ «ከልጅዎ መቅኔ የተወሰዱት ግንደ ሴሎች በባለቤትዎ አጥንት ውስጥ ተደላድለው ቀዩንም፣ ነጩንም፣ ደም የሚያረጋውንም ሴል እየሠሩ ነው። ድመት የማይወደው ነጩ ነው። ደማቸው አሁን የልጅዎ ነው» አለኝ።

እሰይ፣ ዳነልኝ አልኩ። ትላንት ግን አባትሽ ከመኝታ ቤት «እማዬ!» ብሎ በአንቺ ቅላጼ ሲጠራኝ፣ ሳላስበው «ወዬ ልጄ» አልኩት። ሁለታችንም ደነገጥን።

እስቲ ነይና ጎን ለጎን ልያችሁ። ጤናሽ ይብዛልኝ።

እርማት፦ ባለፈው ደብዳቤ «መምጣት አያስፈልግሽም» የተባለው ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል።