የወንድሜን የበረዶ ሳጥን ጥዬ የሄድኩበት ጉዞ

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

ጠዋት የመኪናውን ዘይት ቀየርኩ። ሁለተኛውን ባትሪ አሰርኩ። ባለቤቴ ኮራል ልብስ እያሰጣች፣ «ዛሬም መኪናው ሥር ልትውል ነው?» አለችኝ። የት ልዋል ታዲያ? ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወሬ። ሌላ የሚፈልገኝ ነገር የለም።

ከሰዓት ሜርቪን መጣ። ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶታል ታላቅ ወንድሜ፣ አሁንም እኔን «ትንሹ» ማለት አልተወም። የበረሃውን መንገድ ሦስታችን ልንሄድ ነው፤ እሱ፣ እኔና ባለቤቴ። ከፖርት ኦገስታ ተነስተን በማሪ በኩል እስከ ኡድናዳታ፣ ከዚያ በረሃው ውስጥ እስካለው ፍልውሃ። አሥራ ሁለት ቀን።

የበረዶ ሳጥኑን ተሸክሞ ነው የመጣው። ያቺን አረንጓዴ፣ ክዳኗ በገመድ የሚታሰረውን። ጋራዡ ውስጥ አስቀመጣት።

አዲሱን የመኪና ፍሪጅ ከፍቼ አሳየሁት። አጎንብሶ ሞተሩን አዳመጠ።

«በባትሪ ነው?»

«በባትሪ። ጣራው ላይ ደግሞ ሶላር አለልህ። አራት ዲግሪ ካልከው አራት ዲግሪ ነው። እንዳንተ ሳጥን ቋሊማ አያስዋኝም።»

ሳቀ። «በረዶ ሲያልቅ በዓይንህ ታየዋለህ፣ ትንሹ። ማሽን ግን ዝም ብሎ ነው የሚከዳህ።»

«በረሃ መሃል በየሦስት ቀኑ በረዶ የሚሸጥልህ ማን ነው?»

«የኔ ሳጥን አምስት ቀን ይይዛል።»

«ፀጉር በነበረህ ጊዜ ነዋ!»

ሜርቪን ሳጥኗን የያዘው ለቢራ ብሎ አይደለም። ለኢንሱሊኑ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ ስኳር አለበት፤ በየቀኑ ይወጋል። ግማሹ መድኃኒት ፍሪጁ ውስጥ፣ ግማሹ ሳጥኑ ውስጥ ይሁንልኝ አለ። «አንዱ ቢበላሽ አንዱ አለ። እስካሁን በዚህ ነው የኖርኩት።»

እሺ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ተነሳን። የመጀመሪያው ቀን... ደስ ማለት ነበረበት።

ዕቃውን ጠዋት እኔና ኮራል ጫንን። ሜርቪንን ከቤቱ በር ላይ አነሳነው። ለምሳ ኩዎርን ከተማ ስንቆም የኋላውን በር ከፈተና ፈለገ፣ ፈለገ።

«ሳጥኔስ?»

«ቦታ አልበቃም፣ ሜርቭ።»

ቦታ ነበረ። ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያየው የለም፣ እዚህ እንኳ አልዋሽ። ከወንበሮቹ አጠገብ ልክ እሷን የሚያህል ቦታ ነበረ። ያቺን አሮጌ ነገር ከአዲሱ ፍሪጅ አጠገብ ማየት አስጠላኝ። በየካምፑ ሰው ሲያየን... እሱን ነው ያሰብኩት። የስድሳ አራት ዓመት ሰውዬ!

ሜርቪን ኢንሱሊኑን በሙሉ፣ የጀመረውንም ያልጀመረውንም፣ ፍሪጁ ውስጥ ከታች ደረደረ። «አደራ» አለኝ፣ እንዲህ እየሳቀ። ኮራል አየችኝ። ስንጭን አብራኝ ነበረች።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት። ማሪን አልፈን ምንጭ ያለበት ካምፕ ደርሰን ከዛፍ ሥር አረፍን።

አጠገባችን ከሜልበርን የመጡ ወጣት ባልና ሚስት አሉ። የበረዶ ሳጥናቸው ውስጥ በረዶው አልቆ ውሃ ብቻ ቀርቷል። ሥጋው ተንሳፍፏል፣ ዳቦው ረጥቧል። ልጅቷ ልታለቅስ ነው። ኮራል የበግ ሥጋ ቆርጣ ሰጠቻቸው። እኔ ደግሞ ምክር ሰጠኋቸው። ስለ ባትሪ፣ ስለ ሶላር፣ ስለ ዲግሪ... ሜርቪን ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ «ተዋቸው እንጂ፣ እየበሉ እኮ ነው!» እስኪለኝ ድረስ።

ከዚያ ይባስ ብዬ፣ «በረሃ ላይ በረዶ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። ፍሪጁን ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት አወረድኩትና በኩባያ ውሃ አስገባሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በረዶ ሆነ። መጠጣቸው ውስጥ ጨመርኩላቸው። አጨበጨቡልኝ።

ጥሩ ቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ዲግሪውን ወደ ነበረበት ሳልመልስ ረሳሁት። ወተቱ በረዶ ሆኖ አደረ። የሜርቪንም ኢንሱሊን። ያየኝ ሰው የለም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ዊሊያም ክሪክ ነን። ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልጻፈው።

ትናንት ጠዋት ፍሪጁን የከፈትኩት ለሻይ ወተት ላወጣ ነበር። ወተቱ ድንጋይ ሆኗል። እጄን ወደ ታች ሰደድኩ... የመድኃኒቱ ካርቶን ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል። ሲላቀቅ ቀጭ አለ። ሁሉም። አንዱ እንኳ አልተረፈም።

ሜርቪን ምንጩ ጋ ፊቱን ይታጠብ ነበር፤ ሲያፏጭ ይሰማኛል። የኢንሱሊን መርፌዎቹን በፎጣ ጠቅልዬ የመኪናው አፍንጫ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አደረግኳቸው። ቀለጡ። አንስቼ አየሁ። ጥርት ያለ ነው፤ ምንም የሆነ አይመስልም። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አወጣሁና መነጽሬን አደረግኩ። በረዶ ከሠራ አይጠቀሙበት፣ ይጣል፣ ይላል።

ወረቀቱን አጥፌ ከመርፌዎቹ ጋር ፍሪጁ ውስጥ መለስኩት።

ለምን? «ሜርቭ፣ መድኃኒትህን አበላሸሁ፣ እንመለስ» ማለት ስንት ቃል ነው? ወደ ማሪ ብንመለስ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ፎጣውን በትከሻው አድርጎ መጣና፣ «እንዴት ነው ተአምረኛው ፍሪጅህ?» አለኝ። በዚያች ቃል አፌ ተዘጋ። «አራት ዲግሪ» አልኩት። እውነት ነው፣ መልሼው ስለነበር በዚያ ሰዓት አራት ዲግሪ ነበር።

ቁርስ ላይ ሲወጋ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ዛሬ ስኳሩ አሥራ ሰባት ሆነ። ሁልጊዜ ሰባት፣ ስምንት ነው። ኮራል ተቆጣችው። «ማሪ ላይ የበላኸው ጣፋጭ ፓይ ነው! ሁለት ቁራጭ! ሕፃን ነህ እንዴ፣ ሜርቭ?»

«ልክ ነሽ» አለ። አንገቱን ደፍቶ። «አፌን ማሸነፍ አቃተኝ።»

እኔ ድንች እልጥ ነበር። መላጤን ቀጠልኩ። እራት አልበላም አለ፣ ስኳሩ እንዲወርድ ብሎ። መጠኑን ጨምሮ ተወጋ። ከዚያው ከተበላሸው።

ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

ጠዋት አልነገርኩትም። ፊቱ ትንሽ የተሻለ መሰለኝ። መሰለኝ? እንዲመስለኝ ፈለግኩ።

ከዊሊያም ክሪክ ኡድናዳታ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ የታጠፈ ቆርቆሮ የሚመስል። ሰማንያውን ሳንጨርስ «አቁም» አለ። ወርዶ አስመለሰ። ውሃ ጠጣ፣ ደግሞ አስመለሰ። ስኳሩ ሃያ ስድስት። ትንፋሹ የበሰበሰ ፖም ይሸታል። ኮራል ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ይዛ ከኋላ አብራው ተቀመጠች።

«ጉዟችሁን አበላሸሁባችሁ» አለ። «ይቅርታ፣ ትንሹ። ሽማግሌ ይዞ መውጣት እንዲህ ነው።»

ይቅርታ አለኝ። እኔን! እግሬ ነዳጁን ረገጠ፣ አፌ ግን አሁንም... ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አሁን ብናገር ምን ይጠቅመዋል፣ ዋናው መድረስ ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነዳሁ።

ኡድናዳታ ጤና ጣቢያ ይዘነው ገባን። ነርሷ አጭር፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ጣቱን ወጋች፣ ክንዱ ላይ ጨው ያለበት ውሃ በመርፌ አስገባችለት፣ ከዚያ ወደኛ ዞረች።

«ኢንሱሊኑ የት ነበር የተቀመጠው? ሙቀት ነክቶታል?»

ኮራል ቀደመች። «ፍሪጅ ውስጥ ነው። አራት ዲግሪ። ባለቤቴ በየሰዓቱ ነው የሚያየው።»

«በረዶስ ሠርቶ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም!»

ኮራል ለኔ ስትል እየማለች ነበር። ያኔ ነው አፌ የተከፈተው።

«ሠርቷል» አልኩ። «ማክሰኞ። ሁሉም። አቅልጬ መለስኩት።»

ነርሷ «እሺ» አለችና ከራሷ ፍሪጅ አዲስ ኢንሱሊን አወጣች። «ይህን ከሁለት ቀን በፊት ማወቅ ነበረብን፣ ጌታዬ» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ስልክ ደወለች፣ የሕክምና አውሮፕላን እንዲመጣ። ሜርቪን አልጋው ላይ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ሰምቷል። ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ላይ ወሰደው። ኮራል አብራው መሄድ ፈለገች፤ ቦታ የለም ተባለ። «ቦታ የለም» ስትባል ዞራ አየችኝ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

ወደ ቤት እየተመለስን ነው። ኮራል ሦስት ሰዓት ሙሉ መንገዱን ብቻ ስታይ ቆየች። ከዚያ፣

«ስለ ፓዩ ስቆጣው እዚያው ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ሕፃን ነህ ስለው።»

«አዎ።»

«ሳጥኑንም ቦታ አልነበረም ስትል ዝም አልኩልህ። እኔም አለሁበት ማለት ነው።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ለዚያ ነው ይበልጥ የተናደድኩብህ።»

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ፖርት ኦገስታ ሆስፒታል። ተርፏል። ቀጥኗል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ግን ተቀምጦ ሾርባ ይጠጣል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ግባ እንጂ» አለ። ከዚያ፣ «የሜልበርን ልጆች በረዶውን ወደዱት?»

ገምቶታል። ሁሉንም።

«ሜርቭ፣ ይቅርታ። የረሳሁት ግን—»

«ግን» ስል ማንኪያውን አስቀመጠ። «መርሳትህን አይደለም። እኔም እረሳለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ስወጋ አየኸኝ።»

ወደ በሩ ዞርኩ።

ስወጣ ጠራኝ። «ለታንያ ፓዩ ነው ብያታለሁ። አንተም እንደዚያ በል። ቤተሰብ አይታመስ።»

ታንያ አንድ ልጁ ናት። እሺ አልኩት። እሺ ስል ቀለል አለኝ። ውርደቱ ይኸው ነው፣ ቀለል አለኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

የዓሣ አጥማጆች ክበብ። አንዱ ከልጆቹ ጋር ወደ ሰሜን ሊወጣ ነው። «ክላይቭ፣ አንተ ታውቃለህ፣ የመኪና ፍሪጅ ልግዛ ወይስ የበረዶ ሳጥን ይበቃኛል?»

«ሁለቱንም ያዝ» ብዬ ተነሳሁ።

«እንዴ! አንድ ሰዓት ትሰብከናለህ ስንል!» ሳቁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ታንያ ኬክ ጋግራ መጣች። ለኔ! በሩ ላይ አቀፈችኝ።

«አጎቴ፣ እስካሁን ሳላመሰግንህ። በዚያ መንገድ እንደዚያ ባትነዳ አባዬ አይተርፍም ነበር። እሱ ደግሞ... ፓዩን አይቶ ማለፍ አይችልም! ቁም ሳጥኑን ፈትሼ ጣፋጭ የተባለውን ሁሉ ጣልኩበት። እንደ ልጅ ነው የምጠብቀው አሁን።»

«ምን ይላል እሱ?»

«ምን ይላል፣ ዝም ነው። አጥፍቷላ።»

ኬኩን ቆርጣ ሰጠችኝ። በላሁ። ኮራል ተነስታ ወደ ጓዳ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ዛሬ ታንያ ቤት ሄድኩ። ቁጭ ሳልል ነገርኳት። ሳጥኑን ሆን ብዬ መተዌን፣ በረዶውን፣ ወረቀቱን አንብቤ ማጠፌን፣ ጀርባዬን መስጠቴን። ምንም አላስቀረሁም። «ግን» አላልኩም።

እጇ ላይ የሻይ ማንኪያ ነበር። እያየችው ቆየች።

«አምስት ሳምንት» አለች። «አምስት ሳምንት ሙሉ አባቴን ስቆጣ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ኬኬን በላህ።»

«በላሁ።»

«ውጣልኝ፣ አጎቴ።»

ወጣሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ሜርቪን ደወለ።

«ነገርካት አሉ።»

«ነገርኳት።»

«በጣም ተቆጥታለች። በኔም፣ ስለዋሸኋት።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «ቀላል እንዳይመስልህ፣ ትንሹ። ልጄን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።»

«አንተን እዚያ ውስጥ የከተትኩህ እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ» አለ። አላስተባበለልኝም። ከዚያ፣ «ሣሩ አድጓል። እኔ ገና ጎንበስ ስል ያዞረኛል። ሥራ ከሌለህ ና።»

ሄድኩ። ማጨጃውን አውጥቼ ከበሩ ጀመርኩ። ሜርቪን በረንዳው ላይ ተቀምጦ እዚህ ቀረህ፣ እዚያ ቀረህ ይለኛል። ታንያ እዚያው ነበረች፤ በመስኮት አየችኝ። እጄን አነሳሁ። መጋረጃውን ዘጋችው።

የፊቱን ግቢ ጨረስኩ። ከዚያ የኋላውን ጀመርኩ።